ስለ መጠባበቂያው ጋዝ መሸጥ፣ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ ጓድ ይገዙ
ኮልፌ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የቀበሌዎ ነዋሪዎች ከጋዝ ሰልፍ ሳንወጣ ደህና ነን።

የነጭ ጋዝ መጠባበቂያችን እንዲዘጋ፣ ስድስቱ በርሜሎች፣ የእጅ ፓምፑና የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሳይቀር በሐራጅ እንዲሸጡ መወሰንዎን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበብኩ። ማንንም ሳይጠይቁ ብቻዎን በመድከምዎ አመሰግናለሁ። የመጋዘኑን ቁልፍ አምስት ዓመት በአንገቴ አስሬ የኖርኩ ሴት እንደመሆኔ ግን ጥቂት ቅሬታ አለኝ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያው ጋዙን «ያለ ሥራ የተቀመጠ የቀበሌ ንብረት» ይለዋል። ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ከራሽኑ ላይ አንድ ጣሳ እየቀነሰ ያጠራቀመው ጋዝ ነው። ምድጃው ቀዝቅዞ የዋለበት ቤት እንኳ ጣሳውን አላስቀረም።

ሁለተኛ፣ ያለ ሥራ መቀመጡ እውነት ነው፤ ሥራው መቀመጥ ነውና። አምና ክረምት የጋዝ ቦቴው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር፣ በጋዝ የሚሠራው የክሊኒካችን የክትባት ማቀዝቀዣ ያልጠፋው ከዚሁ በርሜል እየቀዳን ስለሞላነው ነው። ኩፍኝ ከጎረቤት ቀበሌ ስድስት ልጆች ሲወስድ፣ የልጅ ልጄን ገነትን ጨምሮ የእኛዎቹ ተከትበው ተርፈዋል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ለአብዮት በዓል ቅስት ቀለም እንደሚውል ሰምቻለሁ። ቅስቱ እንደሚያምር አልጠራጠርም። ኩፍኝ ግን ቅስት አይቶ አይመለስም። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅዎትም።

ስለዚህ ቁልፉን እስከ ዓርብ እንዳስረክብ የጻፉልኝን ትእዛዝ በአክብሮት ተቀብዬ፣ ቁልፉን አላስረክብም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እርስዎ ወረቀቱን ይያዙ፣ የሞኙን ድርሻ እኔ ወስጃለሁ። ማሰር ካሻዎት ቤቴ ከፌርማታው ፊት ለፊት ነው።

ውሳኔዎ በፈጠነበት ፍጥነት ቦቴውም እንዲመጣልን እየተመኘሁ፣ ለአመራርዎ ያለኝን ወሰን ያለው አክብሮት እገልጻለሁ።

ዘመነች ሀብተማርያም
የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ
ነሐሴ ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ሐሳቤን ስለለወጥኩ ቁልፉን አያይዣለሁ። ዛሬ ጠዋት ጎረቤቶቼ እያንዳንዳቸው ጣሳቸውን ይዘው መጥተው የየድርሻቸውን ቀዱ፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ተሰለፉ። ነርስ አልፊያ ጋዙን እስከ መጨረሻዋ ጣሳ ተረክባ ፈርማለች። በርሜሎቹን በደስታ ይሽጡ፤ ሽታውን ለገዢው ምራቂ ያድርጉለት።