እናታችን ያልተነቃነቀችበት ፎቶ

ለወንድሜ ባድሩ፣ ባለህበት ግንባር፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ ከአምባሰል ተራራ ይከብዳልና ቁጭ ብለህ ተቀበል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለውን አሮጌ መስጊድ ፎቶ አነሳሁት። እሺ፣ ያነሳው ከደሴ የመጣ ሰውዬ ነው፤ እኔ የካሜራ ሳጥኑን እግር ተሸከምኩለት። ፊልም ከገበያ ስለጠፋ፣ መስታወት ላይ ራሱ መድኃኒት እየቀባ ነው የሚያነሳው። «በቃ እስክል እንዳትነቃነቁ፤ የተነቃነቀ አይወጣም!» ብሎ ሁላችንንም ደጁ ላይ አስቀመጠን።

እናታችን በሩ ሥር ወደ መኪና መንገዱ ዞራ ተቀምጣለች። «እማማ፣ ወደኔ ይዙሩ እንጂ» ቢላት፣ «አንተ መስጊድህን አንሳ፤ አውቶቡሱ ሳያልፍ አልዞርም» አለችው።

ሰውዬው ማንሳት እንደጀመረ አውቶቡሱ ቆመና አንድ ወታደር ወረደ። አንተ መስለኸን ሁላችንም ብድግ አልን። እሷ ግን አካሄድህን ከሩቅ ስለምታውቅ አልተነቃነቀችም። በፎቶው እኛ ጭስ መስለን ቀረን፤ እሷ ብቻ የሻሿ ጠርዝ ሳይቀር ጥርት ብላ፣ እየሳቀች ወጣች።

ከረመዳን ወዲህ ደብዳቤህ የጠፋው ፊደል ረስተህ ይሆናል። እኔ የማታ ትምህርቱን ስለጨረስኩ፣ ና፣ አስተምርሃለሁ። እስከዚያው አንድ ፊደል ብቻ ላክ፤ ማንበቡን ለኔ ተው።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ።

ወንድምህ ኑርዬ

«እየሳቀች» ያልኩህን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት።