ጎንደርን በአንድ ጣት ስለዘጉበት ቀን

ለክቡር አቶ ቢምረው፣ የ«አሽቀሎን ወገን» ሰርቨር መሥራች፣ አስተዳዳሪና ብቸኛ ዳኛ፤
አሽቀሎን፣ አፍሪዳር ሰፈር

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎም ስልክዎም፣ በተለይ ያ ሁሉን የሚዘጋው አውራ ጣትዎ፣ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ከፋሲካ በኋላ በሰፈራችን አዳራሽ ሰብስበውን፣ ይህ ማኅበራዊ መረብ አንድ ጌታ እንደሌለው፣ ሰርቨሮቹም እንደ ሰፈር መሆናቸውንና ሰው የትም ቢገባ ከሌላው ሰፈር ጋር እንደሚነጋገር ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ልጄ ኦሪት «እማ፣ መጀመሪያ ሕጉን አንብቢ፤ ማን እንደሚያዝበትም ጠይቂ» ብትለኝም፣ የአገሬ ልጅ እያለ ምን ሕግ ያስፈልገኛል ብዬ እርስዎ ዘንድ ገባሁ። ይህ ቅሬታ በራሴ ላይ ስለሆነ እርስዎን አይመለከትም።

ሁለተኛው ግን ይመለከትዎታል። ጎንደር ሆነው ወደዚህ ወደ እስራኤል ለመምጣት የሚጠባበቁ ወገኖች የራሳቸው ሰርቨር አላቸው። ወንድሜ አለነ ስልኩ ከተሰረቀ ወዲህ ከኢንተርኔት ቤት እየገባ የሚጽፍልኝ በዚያ ብቻ ነበር። ከዚያው ሰርቨር አንድ ጎረምሳ፣ የጀልባ ማቆሚያው ማሪና ላይ የሰው ጀልባ ተደግፈው የተነሡትን ፎቶ አይቶ «ጀልባው ባለቤቱን ይፈልጋል» ብሎ ጻፈብዎ። እርስዎም ጎረምሳውን ብቻ መዝጋት ሲችሉ፣ ስድስት መቶ ሰው ያለበትን ሰርቨር በሙሉ፣ የጻፉት ወደ እኛ እንዳይደርስ፣ ዘጉት። ለእኛ ባለመንገርም ከጭንቀት ስለጠበቁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፣ ዐሥራ አንድ ቀን የወንድሜ ድምፅ ጠፋ። ታሞ ይሆን፣ ታስሮ ይሆን ስል፣ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ለማጎርሳቸው ሴትዮ ሾርባውን አገጫቸው ላይ አፈሰስሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እርስዎ በማያዙበት ሰርቨር የምትገኘው ኦሪት ደወለች።

«እማ፣ አጎቴ በየቀኑ እየጻፈልሽ ነው! የእናንተ ሰርቨር የእነሱን ስለዘጋ ነው የማይደርስሽ። ወደ እስራኤል የመግቢያ ቃለ መጠይቁ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ብቻ ቀርቶታል። እኅቱ መሆንሽን የሚያረጋግጥ፣ ጠበቃ ፊት የተፈረመ ወረቀት ይፈልጋል።»

በሥራ ልብሴ እንዳለሁ አፍሪዳር ወዳለው ጠበቃ ሮጥሁ። ጸሐፊዋ ነታ ሮጬ መግባቴን አይታ ከሰልፉ አስቀደመችኝ። ፈረምሁ፤ ኦሪት በራሷ አካውንት ላከችለት። ሊጠሩት ሃያ ደቂቃ ሲቀር ደረሰው፤ ወረቀቱንም ተቀበሉት። ሲወጣ በኦሪት በኩል የጻፈልኝ ግን ስለ ቃለ መጠይቁ አልነበረም። «እኅቴ፣ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነበር» ይላል። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ እኅቴ ተወችኝ ብሎ አድሯል። ሰርቨሩን መልሰው ቢከፍቱም ያን ሁሉ ሌሊት ሊመልሱለት እንደማይችሉ ስለማውቅ አላስቸግርዎትም።

እኔም ወደ ኦሪት ሰርቨር ተዛውሬአለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሕጉን ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው።

ለሥልጣንዎ ርዝመትን፣ ለትዕግሥትዎም ጥቂት ጭማሪ የምትለምን፣
የቀድሞ ተገዥዎ
ብርሃነሽ

ተጨማሪ፦ ትናንት ለአዲሱ ሰርቨራችን የመግቢያ ማመልከቻዎ ደርሶናል። የቀድሞውን ለምን እንደሚለቁ ሲጠየቁ «ሰው የለበትም» ብለው መልሰዋል። እኔ ይግቡ ብዬ ድምፅ ሰጥቻለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ከመዘጋቱ በፊት ምክንያቱ ይነገረዋልና አይስጉ።