ለቅሶህን እትዬ ዘሃራ የተቀመጡልኝ ቀን

ግርምሽ፣ የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ወሬውን በወግ ሳልነግርህ ከርሜ ሆዴ ሊፈነዳ ስለደረሰ ዛሬ ተቀመጥኩልህ።

እኛ ደህና ነን። ፒዮሪያ ስትሪት ያለውን አፓርታማ አልለቀቅንም። ቤቲ በቁመት አንተን ልትደርስ ነው፤ አማርኛዋን ግን አትጠይቀኝ። ከታች ያለው ወንደላጤ፣ "ይሄ ሰው አያገባም" ብለህ የማልክበት፣ አግብቶልሃል! ሚስቱ መጋረጃውን ሁሉ አውጥታ ጣለችው።

ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው፤ ኮሌጅ ገባሁ! ሎውሪ ሰፈር ያለው፣ ለአዋቂዎች በነጻ የሚያስተምረው። "አሜሪካ ውስጥ ነጻ የሚባል ነገር የለም፣ የሆነ ነገር ደብቀውብን ነው" እያልኩ ስከራከርህ ታክሲህን ፓርክ አድርገህ ገባህና ጠየቅክ። እየሳቅክ ወጣህ። የደበቁት ነገር አልነበረም፤ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። በመጀመሪያው ቀን ያልተገኘ ሰው ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ይሰጥበታል።

ያ ቀን ለቅሶህ መሀል ዋለ።

ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል፤ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ፍራሽ ላይ ነኝ። "ባሏን ቀብራ ሳታበቃ ቦርሳ አንጠልጥላ ወጣች" ከምባል ትምህርቱ ቢቀር ይሻለኛል ብዬ ቆርጬ ነበር። ለቤቲ ግን ይሄ መቼ ይገባታል? በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ "ማሚ፣ ክላስሽ እኮ ቱዴይ ነው! ሌት ልትሆኚ ነው!" አለችልህ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ዘሃራ ናቸው፣ የጎረቤታችን የጋሼ ከድር ባለቤት። "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እሱ ራሱ አይደል እንዴ ያስመዘገበሽ? ተነሺ! ለቅሶውን እኛ እንቀመጥልሻለን።" ጋሼ ከድር፣ "ሰው ቢመጣ ማንን ያጽናና?" ቢሏቸው፣ "እኔን!" ብለው ፍራሼ ላይ ቁጭ አሉ። ከቸርች የመጣች አንዲት እህት በመኪናዋ ይዛኝ በረረች።

እኔ ከሄድኩ በኋላ የሆነውን ስማ። ኤርፖርት አብሮህ ተራ የሚጠብቅ፣ እኔን ግን አይቶኝ የማያውቅ ባለታክሲ መጣ። በቀጥታ ሄዶ እትዬ ዘሃራን አቀፋቸውና፣ "እንዲያ ያለ ባል ከእንግዲህ ከየት ይገኛል፣ እህቴ?" እያለ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እሳቸውም ምን ያድርጉ፣ አብረውት አለቀሱ። ማዶ የተቀመጡት ጋሼ ከድር አላስቻላቸውም፤ "ኧረ ሰውዬ፣ ባሏ እኮ እኔ ነኝ! በቁሜ ቀበርከኝ!" አሉ። ሰዉ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ በሳቅ ፈረሰ አሉኝ። አንተ ብትኖር ከሁሉም በላይ የምትስቀው አንተ ነበርክ።

ቦታዬም ተረፈ። የነርስ ረዳትነት ነው የምማረው። ከክላስ ስወጣ መኪናህ ውስጥ ቁጭ ብዬ የዕለቱን ትምህርት ጮክ ብዬ እነግርሃለሁ፤ የሚያየኝ ሁሉ ስልክ የማወራ ይመስለዋል። ስለ አጥንት፣ ስለ ሳንባ፣ የተኛ በሽተኛ ሳያመው እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ሁሉንም ነግሬሃለሁ።

ስለ ልብ የተማርን ዕለት ግን አፌ ተያዘ። አስተማሪዋ ሥዕሉን ሰቅላ፣ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ልብ በድንገት ሲቆም ምን እንደሚሆን አስረዳችን። ሌሎቹ ይጽፋሉ፤ እኔ የማየው ያንተን ነው፣ በዚያ ጠዋት የቆመውን። መኪናውን አስነስቼ አንድ ቃል ሳልነግርህ ወደ ቤታችን ወደ ኦሮራ ተመለስኩ።

ፈተናው በዚህ ሳምንት ነው። አይዞህ፣ አልቀርም፤ አጥንቼ እገባለሁ። ሥራ ስጀምርም፣ የማንንም በሽተኛ እጅ ይዤ የልብ ትርታውን በቆጠርኩ ቁጥር ቀድሜ የማስበው ያንተን ነው።

ያንተው ሮማን