ልጄ ደም እንዳላት ላረጋገጡልኝ የቤተ ሙከራ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ጸሃየ፣
አስመራ

እኔ የሓዝሓዝ ሰፈሯ ሠርካለም፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ የደም ምርመራ የማያሻው ዓይነት ጤና፤ ያለዚያ እርስዎም በራስዎ እጅ ይወድቃሉ። በትግርኛ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ትሕትናዬ እንዳይጎድልብዎ አፌን በፈታሁበት በአማርኛ መጻፉን መረጥሁ።

አንደኛ፤ ልጄ ሰሎሜ በነጻነቱ ማግስት ኩላሊቷን ታክማ ድና፣ መድኃኒቷንም ካቆመች ቆይታ ነበር። በዚህ ክረምት ፊቷ እንደገና ሲያብጥ ይዣት ብመጣ፣ ኮሪደሩ ላይ አይተዋት «ሰላሙ ተስማምቷታል፤ ወፍራለች» ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ዶክተር ዘርዓይ ሽንቷን ካዩ በኋላ ነጭ የደም ሴሎቿ በየዓይነታቸው እንዲቆጠሩ አዘዙ። አንዱ ዓይነት በዝቶ ሌላው ካነሰ፣ ሽንቷ ከሚያሳየው ጋር ተደምሮ፣ በሽታው ኩላሊቷ ውስጥ መቀስቀሱን ይጠቁማል አሉኝ። መድኃኒቱ ከባድ ስለሆነ በግምት ሊሰጧት አልፈለጉም። እርስዎ የላኩልን ውጤት «ደም፦ አለ» የሚል ነበር። ልጄ ደም እንዳላት በማኅተም ስለተረጋገጠልኝ ኮርቻለሁ።

እንዲቆጠርልኝ ተመልሼ ብለምንዎ፣ «ኩላሊት የሚታወቀው በሽንት ነው፤ ደም ምን አገባው? ደግሞስ ገና አዲስ አገር ነን፤ ታገሺ» አሉኝ። አገሩ አዲስ መሆኑን ለሰሎሜ ኩላሊት ነገርሁት፤ አልሰማኝም። በማግስቱ ሽንቷ እንደ ሻሂ ጠቆረ። ደጃፍዎ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ በዘበኛ ስላስነሡኝ፣ የቐንየለይ፤ በአማርኛው አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ ቅሬታ የለኝም። ዶክተር ዘርዓይ ደሟን ራሳቸው ቀድተው፣ በማኪናቸው ወደ እንስሳት ሕክምና ቤት ወሰዱት። እዚያ የሚሠሩት ወይዘሮ ኣበባ «የላም እንቆጥር የለ፣ የሰው ምን ይከብዳል?» ብለው፣ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ቆጠሩላት። በሽታው መቀስቀሱ ታወቀ፤ መድኃኒቱ ያን ዕለት ተጀመረ። ትናንት ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል አየኋትና፣ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን አለቀስሁ፤ ከዚያ የሚያስነሣኝ ዘበኛ አልነበረም።

ሳይመረምሩ እንደሚቀበሉኝ በማመን፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ሠርካለም ወልደትንሣኤ

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አንድ ቀን ቢታመሙ፣ ሳያፍሩ ወደ ወይዘሮ ኣበባ ይሂዱ። የመጣባቸውን ሁሉ ይመረምራሉ፤ ምን ዓይነት እንስሳ ነው ብለው አይጠይቁም።