ናፍቆት መስሎኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 21 ቀን 2003 ዓ.ም.
(እናንተ ኦክቶበር 31፣ 2010 የምትሉት)

ለምወድህ ልጄ ለብሩህ፣

እንዴት ሰነበትክ፣ የኔ ጌታ? ያ የአፍጋኒስታን ተራራ ብርዱን ጀመረ ወይ? የላክንልህ ካልሲና የውስጥ ሹራብ ደርሶህ ከሆነ ልበሰው እንጂ ለጓደኞችህ አታድለው፤ አውቅሃለሁ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። እህትህ ኤፍራታ የአሌክሳንድሪያውን አዲስ ቤቷን ተላምዳዋለች፤ ሆስፒታሉ ግን ሺፍቷን በየሳምንቱ ይቀያይርባታል። ባገኘችው ቀን የትልቁን ወንዝ ድልድይ ተሻግራ ትመጣለች፣ ምግብ ሠርታልኝ ትመለሳለች።

አሁን ቁጭ በልና አንብበኝ። የምጽፍልህ ስለ ውሻህ ነው። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ለውሻ መርዶ ብዬ ስጨነቅ የሚያየኝ ሰውም ይስቅብኝ ይሆናል። ቢሆንም አንተ አትስቅም። ቡሬ ሞቷል፣ ልጄ። አንተ ማክስ ብለህ ያመጣኸው፣ እኔ ስሙ አፌ ላይ አልዞር ቢለኝ ቡሬ ያልኩት። እንዴት እንደሆነ ሁሉንም እነግርሃለሁ፤ ቆርጬ የማስቀረው የለም።

ልትሄድ ስትል ውሻ በረንዳ ላይ ይደር፣ ቤት ውስጥ ጸሎት አለ፣ ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ነጠላ እንዳይነካብኝ ብዬህ ነበር። አንተም አልተከራከርከኝም፤ ብቻ ጠዋት ጠዋት አውጪልኝ አልከኝ። ከሄድክ በኋላ ቡሬ በሩ ሥር ተኝቶ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ጆሮውን ያቆማል። ኮቴውን እኔም እሰማለሁ። ሁለታችንም የሊፍቱን ድምፅ ስናዳምጥ መዋላችንን ያወቅሁ ቀን አፈርኩና የበረንዳውን ነገር ተውኩት።

ጠዋት ጠዋት ወደ ስላይጎ ክሪክ፣ ወደ ወንዙ ዳር፣ እንወርድ ነበር። እዚህ አገር ስንት ጊዜ ብቻዬን ተመላልሻለሁ፤ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። ከሱ ጋር ስወጣ ግን ሯጩም፣ ልጅ በጋሪ የሚገፋውም ይቆማል፣ ስሙን ይጠይቀኛል። ቡሬ እላለሁ። ደጋግመው ይሉታል፣ ይሳሳታሉ፣ እንስቃለን። እንግሊዝኛ ሳላውቅ ሰው ያነጋገርኩት በሱ ነው። ይህን እሱ በሕይወት ሳለ አልነገርኩህም፤ ውሻውን ወደደችው እንዳትለኝ ብዬ መሰለኝ።

ከመስቀል በኋላ መድከም ጀመረ። ምግቡን ያሸተውና ይተወዋል፣ ደረጃው ላይ መሃል ሲደርስ ይቆማል፣ ቤት ስንገባ የጫማህ ጎን ሄዶ ይተኛል። ለኤፍራታ ስነግራት የብሩህ ናፍቆት ነው አለች። ታች ቤት ያለው ባለታክሲው አቶ ልሳነወርቅም አይቶት ይኸው ናፍቆት ነው አለ። እኔ ከሁሉም በላይ አመንኩት። ምግብ የሚያስጠላው፣ ጉልበት የሚከዳው፣ በር በር የሚያሳየው ምን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የራሴን በሽታ ለሱ ሰጠሁትና አረፍኩ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ከወንዙ ትንሿ ድልድይ አጠገብ፣ የኋላ እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከዱት። አልጮኸም። ከገመድ ላይ የወደቀ ልብስ መስሎ መሬቱ ላይ ፈሰሰና ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። ማንሳት አልቻልኩም፤ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ሳይቆይ ግን ተነሣ፣ ገላውን አራገፈ፣ ቀስ እያለ ቤት ድረስ ሄደ፤ ማታም እራቱን ጨረሰ። ኤፍራታ ሐኪም ይየው፣ እማዬ፣ እንዲህ አይወደቅም አለችኝ። አሁን እኮ በልቷል፣ የዕረፍት ቀንሽ ሲደርስ ትወስጅዋለሽ አልኳት። ከሥራ አስቀርቼ በከንቱ ላመላልሳት አልፈለግሁም። እኔም ራሴ አቶ ልሳነወርቅን ብጠይቀው እምቢ አይለኝም ነበር። አልጠየቅሁትም።

ይልቅ ምን አደረግሁ መሰለህ? ያ ሰማያዊ ሸሚዝህ፣ ልትሄድ ስትል አውልቀህ ወንበር ላይ የተውከው፣ አላጠብኩትም ነበር። ትራሴ ሥር አኑሬው ነበር። እሱን አወጣሁና አነጠፍኩለት። አፍንጫውን ከኮሌታው ውስጥ ከትቶ ተኛ። አየህ፣ መድኃኒቱን አገኘሁለት ብዬ ደስ አለኝ።

ያ ደስታ ሳምንቱን አልዘለቀም። አንድ ቀን ጠዋት ለመውጣት በሩን እንደከፈትኩ ኮሪደሩ ላይ፣ ሊፍቱ ጋ ሳንደርስ፣ ወደቀ። ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ፤ የበፊቱን አይቼ ነዋ። አልተነሣም። ከንፈሩን ገለጥ ባደርገው ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ያን ጊዜ አቶ ልሳነወርቅን ጠራሁት። ከሥራ ገብቶ ገና እንቅልፍ ሳይዘው ነበር። እሱ ውሻ አይነካም፣ ታውቀዋለህ፤ ግን ጎንበስ ብሎ ተሸከመው። የታክሲው ወንበር ላይ የራሱን ካፖርት አንጥፎ አስተኛውና ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለው የእንስሳት ሐኪም አደረሰን።

ሐኪሟ ሴት ናት። ድዱን በጣቷ ጫን አድርጋ ደሙ ይመለስ እንደሆነ አየች፣ ሆዱን ዳበሰች፣ ከዚያ በማሽን አየችው። ኤፍራታን በስልክ አገኘናት፤ ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪና ውስጥ ናት፣ መንገዱ ተዘጋግቶባታል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን በሷ በኩል ተነጋገርን። ጣፊያው ላይ ዕጢ ኖሯል፤ ፈንድቶ ደሙ ሆዱ ውስጥ ፈሷል። ሐኪሟ ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ኤፍራታ ግን ቶሎ አልተረጎመችልኝም።

"ምን አለች?" አልኳት።

"ከዚህ በፊት ደክሞት ወይም ወድቆ ያውቃል ወይ ነው የምትለው፣ እማዬ።"

"ወድቋል በያት። ናፍቆት መስሎኝ ነው በያት።"

ልጄ፣ ናፍቆትን በእንግሊዝኛ ምን ብላ እንደነገረቻት አላውቅም። ሐኪሟ ግን እጄን ያዘችኝ። መጀመሪያ የወደቀ ጊዜም ደምቶ ነበር አለች፤ ጥቂት ስለነበር ሰውነቱ መልሶ መጠጠው፣ ለዚህ ነው ተነሥቶ የበላው። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ያን ቀን ብታመጪውም ዕጢው ያው ነው፣ ምናልባት ትንሽ ዕድሜ ይጨመርለት ነበር አለችኝ። እሷ ይህን ያለችው ልታጽናናኝ ነው። እኔ ይዤ የቀረሁት ግን "ትንሽ ዕድሜ" የሚለውን ነው። አንተ ለዕረፍት የምትመጣው በገና ነበርና።

ኦፕሬሽን ይቻላል ተባልን፤ ግን ወደ ልቡም ሳይዛመት አልቀረም፣ ከማደንዘዣው ላይነሣም ይችላል አለች። ኤፍራታ ደርሳ ገባች። አንተን ልታገኝህ ሞክራለች፤ ደውልልን የሚል ኢሜይል ላከች፣ መልስ የለም። እናንተ ያን ሰሞን ስልክ ወደሌለበት ወጥታችሁ ነበር። ውሻው ያንተ ነው፤ ፍርዱ ግን እኛ እጅ ላይ ወደቀ። ሐኪሟን ያመዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሕመሙ እየበረታ ነው፣ ድካሙ ግን ይብሳል አለች። እንግዲያው ይረፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ኤፍራታ አይደለችም፤ እሷን እንዳትወቅሳት።

ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ፊቱን ስዳብሰው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ግንባሩ እንዲያ የሚለሰልስ መሆኑን አላውቅም ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኑን ወደዚያ ያዞራል፤ ሐኪሟ ስትሆን መልሶ ይከድነዋል። ኤፍራታ አለቀሰችና አንድ ነገር በይው እንጂ አለችኝ። ብሩህ እየመጣ ነው አልኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሐኪሟ በመርፌ ስታሳርፈው ይህን ሰምቶ ነው የተኛው። ሸሚዝህንም ከሱ ጋር እንዲያደርጉት ሰጠኋቸው፤ እሱንም ቢሆን አስፈቅጄህ አይደለም።

ባለፈው እሑድ ስትደውል ልነግርህ ተዘጋጅቼ ነበር። ኤፍራታም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ስለኔ ጠየቅኸኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቅኸኝ፣ ከዚያ "ማክስስ?" አልክ። በዚያች ቃል ድምፅህ ተለወጠ፤ የልጅነትህ ድምፅ መጣ። "ደህና ነው፣ ተኝቷል" አልኩህ። "ሳሚልኝ" ብለህ ስትስቅ መስመሩ ተቋረጠ። ኤፍራታ ከወንበሯ ተነሥታ ይህ ልክ አይደለም፣ እማዬ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ማወቅ አለበት አለችኝ። እዚያ ጠመንጃ ይዞ የቆመን ልጅ ሐሳቡን አልከፍልበትም አልኳት። ተኮራርፈን ተለያየን። ድልድዩን ተሻግራ ቤቷ ከገባች በኋላ ግን እሷ ልክ እንደሆነች ገባኝ።

የገባኝ እንዴት መሰለህ? አገር ቤት ቴሌ የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ስሠራ ስንቱን ሰው አገናኝቻለሁ። አገር ለአገር የተራራቀ እናትና ልጅ መስመሩ ላይ ሲገናኙ የሚባባሉት ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ነው፤ የትኛው ውሸት እንደሆነ ከትንፋሹ አውቀው ነበር። እሑድ ዕለት የራሴን "ደህና ነው" ሰማሁት። ካንተ "ደህና ነኝ" ጋር አንድ ነው፣ ልጄ። ቶሎ ይባልና ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል። ይኸው ከሄድክ ጀምሮ ስትለኝ የኖርከውን እኔ ቴሌ ውስጥ ያደግሁት ሴት አምኜ ስቀበል ኖሬያለሁ።

አልቆጣህም፤ ማን አስተማረህና። ብቻ ከእንግዲህ ስትደውል ቢደክምህ ደከመኝ በለኝ። ቢያስፈራህ አስፈራኝ በለኝ። ከወደቅህ መውደቅህን ንገረኝ፤ በማግሥቱ ብትነሣም፣ ብትበላም ንገረኝ። እኔም ካሁን ወዲያ የሆነውን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

የምትረግጠውን መሬት ያለዝብልህ፤ የምትጠብቀውን ሌሊት ያሳጥርልህ። ከጎንህ የሚቆሙትንም የየእናታቸው ጸሎት ያግኛቸው። የወጣህበትን በር በእግርህ ተመልሰህ ግባበት።

እናትህ
ዓባይነሽ