የቢኒያም ታፋና የእኔ ስም

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ጠዋት

ተጫዋቾቹን መዝኜ ጨረስኩ። ግብ ጠባቂያችን እንደ ልማዱ ጫማውን ሳያወልቅ ወጣና ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ድርቅ አለ። አውልቅ አልኩት። አወለቀ። ሚዛኑ ተሻለው።

የቢኒያም ታፋ እብጠቱ አልወረደም። ቅዳሜ የተጋጣሚው ተከላካይ በጉልበቱ ነው የመታው። ደሙ ጡንቻው ውስጥ ቋጥሯል። ትእዛዜ አጭር ነው። በረዶ፣ ማሰሪያ፣ ረፍት። ማሸት በፍጹም። እንዲህ ያለ ምት ከታሸ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል። በእንግሊዝኛ ነገርኩት፣ በአማርኛ ደገምኩለት። እሺ እትዬ ሂሩት አለ። ሰው ፊት ቦስ ነኝ፣ ሁለታችን ስንሆን እትዬ። እናቱ ያስተማሩት ነው።

ታውቂያለሽ ማስታወሻዬ፣ በዚህ ልጅ አላደላም እላለሁ እንጂ አደላለሁ። እዚሁ ለንደን ዋይት ሲቲ፣ አባባ ከሚኖሩበት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው ያደገው። ታዳጊዎቹ ጋ እያለ ቀጭን ነው፣ ይሰናበት ሲሉ ቁመቱ ገና ነው ብዬ ከአሰልጣኞቹ ጋር የተናነቅኩት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ዓመቱ ነው፣ ዋናው ቡድን ውስጥ ነው፣ የለንደን ሐበሻ ሁሉ የእኔ ልጅ ይለዋል። ኮንትራቱም በሚቀጥለው ወር ይታደሳል።

ኮሊን በየሰዓቱ ይመጣል። መቼ ይደርስልኛል? ጡንቻ ነው፣ ፒዛ አይደለም አልኩት። ሳቀ። ከኮሊን ጋር መሥራት ደስ ይለኛል። ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሲሾም የሕክምናና የአካል ብቃት ክፍሉን ለእሷ ስጡ ብሎ የተከራከረልኝ እሱ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ታፋው ድንጋይ ሆኗል። ስካን አስደረግኩ። የፈራሁት ነው። አጥንት።

በር ዘጋሁ። ማን አሸህ? ማንም አለ። እንደገና ጠየቅኩት። ማንም። ስካኑን ፊቱ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረ።

እናቱ ናቸው። እትዬ ዘውድነሽ ልጃቸው ሲያነክስ ማየት አልቻሉም። ስትሪትሃም ያሉ ወጌሻ ጋ ወሰዱት፣ ጋሽ ታምራት ይባላሉ፣ ድሮ አዲስ አበባ ትልቅ ቡድን ሲያሹ የኖሩ። ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ በቅቤ ነው ያሹት። ሰው ቅቤ በማይቀምስበት በሁዳዴ! አንዴም አይደለም፣ ሦስቴ ሄዷል። የመጀመሪያ ቀን ቀለል ስላለው ነው አለኝ። እኔ አትንካው ብዬው፣ ሁለቴ፣ በሁለት ቋንቋ።

ደሜ ፈላ። ግን ልጁ እጄን ይዞ፣ በሞቴ እትዬ ለኮሊን አትንገሪብኝ አለ። ከክለቡ ውጭ መታከም በኮንትራቱ ክልክል ነው፣ ካወቁ አያድሱልኝም አለ። አንጀቴን በላው። በሽተኛ በሕክምና ክፍል የነገረኝን አላወጣም፣ ሥራዬም ነው፣ ቃሌም ነው አልኩት። እንደ ሕፃን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ለኮሊን ሕክምናውን ብቻ ነገርኩት። ጡንቻው ውስጥ አጥንት በቅሏል፣ በዚህ የውድድር ዘመን አይመለስም። ወንበሩን በእግሩ ገፋው። ታሽቷል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። የዋዛ ሰው አይደለም፣ በተጫዋችነቱ ዘመን አይቶታል። ከበሽተኛዬ ጋር የተነጋገርኩትን አልናገርም አልኩ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ እሺ አለ።

እሺው አላማረኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 1። ከሰዓት

ጉድ ፈላ።

ጋሽ ታምራት ከቢኒያም ጋር የተነሱትን ፎቶ የልጅ ልጃቸው ኢንተርኔት ላይ ለጥፋዋለች። ልጁ አልጋ ላይ ተጋድሟል፣ ታፋው በቅቤ ይብረቀረቃል፣ ሽማግሌው እጃቸውን ጭነውበት ፈገግ ብለዋል። ስር የተጻፈው ምስጋና ነው፣ ጀግናችንን ያከሙ ወርቅ እጆች የሚል። ሺህ ሰው ተባረኩ ብሏል። አንዱ ለክለቡ ተርጉሞ ላከው።

ኮሊን ጠዋት ቢኒያምን ብቻውን አስገባው። ከምሳ በኋላ እኔን። የሰው ኃይል ክፍሏ፣ የኤች አሯ ሴትዮ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ ያኔ ነው ለወሬ እንዳልተጠራሁ የገባኝ።

ቢኒያም፣ ወጌሻው ጋ እኔ እንደላክሁት ተናግሯል።

ደግሜ ልጻፈው፣ እኔም ኮሊንን ደጋግሜ ስላስባልኩት ነው። ሂሩት ናት የላከችኝ፣ የአገሯ ሰው ስለሆኑ ታምናቸዋለች፣ ለማንም አትናገር አለችኝ ብሏል። አትንገሪብኝ ብሎ እጄን የያዘው ልጅ።

አልላክሁትም አልኩ። ኮሊን ቀስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው በሚነገርበት ድምፅ፣ "አንቺ ባትነግሪው ኖሮ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ልጁ በምን ያውቃል?" አለኝ። ታሽቷል ወይ ስልሽ ለምን አፍሽን ዘጋሽ አለ። ባህላችሁን አከብራለሁ፣ ግን እዚህ የምንሠራው በሳይንስ ነው አለ።

ባህላችሁ! የዚህን ክለብ የሕክምና ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጨዋታ ቀን ካፖርቱን የምይዝለት፣ ስንሸነፍ አብሬው አውቶቡሱ ውስጥ ዝም የምል እኔ ነኝ። በአንድ ከሰዓት "እናንተ" ሆንኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት ይህን ነው።

ሁለት መንገድ ሰጡኝ። በስምምነት ተለያየን የሚል መግለጫ ይወጣና በጸጥታ እሄዳለሁ፣ ጥፋቱ ግን በፋይሌ ላይ ይቀመጣል። አለዚያ የዲሲፕሊን ስብሰባ ረቡዕ ሳምንት። ፋይሉ ላይ ከሰፈረ የትኛውም ክለብ፣ የትኛውም ሆስፒታል ይጠይቃል። የፊዚዮ ሐኪም በሽተኛዋን ለወጌሻ አሳልፋ ሰጠች ይላል። ከዚያ በኋላ ማን እግሩን ይሰጠኛል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

እትዬ ዘውድነሽ ቤት ሄድኩ። አቅፈው ሳሙኝ፣ ግቢ አሉ፣ ምስር ወጥ አቀረቡ። አልበላሁም።

ክለቡ የሰጠኝን ሁለት መንገድ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኳቸው። ለኮሊን ይደውሉ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት ይበሉ፣ እናት ናቸው፣ እናትን ማን ይቀጣል? ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠረጉ። ንጹሕ ነበር፣ ደግመው ጠረጉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "አንቺ ተምረሻል። ዛሬ ቢያስወጡሽ ነገ ሌላ ቦታ ትገቢያለሽ። የእኔ ልጅ ያለው እግሩ ብቻ ነው" አሉኝ።

በክፋት አልነበረም። እንደ ሒሳብ ነው የነገሩኝ። ሆድ ይፍጀው በይ ልጄ አሉ። ጫማዬን እንኳን በቅጡ ሳላስር ወጣሁ።

ባቡር ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ቢኒያም። በእንግሊዝኛ፣ የማይንቀሳቀሰው ሳይክል ላይ መውጣት እችላለሁ ወይ ይላል። እግዜር ያሳይሽ! ስሜን ገድሎ ስለ ሳይክል ይጠይቀኛል። ክላፋም ጣቢያ እስክደርስ አልመለስኩም። ደርሼ ግን መለስኩለት፣ ገና ነው፣ ሁለት ሳምንት ጠብቅ ብዬ። ጅል። አንቺ ጅል ሂሩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ሥራ ላይ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። ግብ ጠባቂው ብቻ ሳይጠየቅ ጫማውን አውልቆ ሚዛን ላይ ወጣ። ይህም አስለቀሰኝ፣ ሽንት ቤት ገብቼ።

ስብሰባው ይሁን ብዬ ለኤች አር ነገርኳቸው። ስብሰባ ላይ ቢኒያም የነገረኝን ሁሉ ላፍረጥርጠው? ልቅም አድርጌ አውቃለሁ፣ ቀኑን፣ ቅቤውን፣ እንባውን። ልነግራቸው ይገባኛል የሚል አንድ ጎን አለኝ። ሌላው ጎን ደግሞ እሱ ቃሉን በላ ብዬ እኔ የእኔን ልብላ ወይ ይላል። እየተነጫነጭኩ ነው የምውለው። አባባ ቢኖሩ ይነግሩኝ ነበር እላለሁ፤ አሉ እኮ፣ ግን እስካሁን አልደወሉም። ለምን እንዳልደወሉ አልገባኝም።

እሁድ፣ መጋቢት 7። ከሰዓት

አሁን ገባኝ።

በር ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌ። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ መኮንን ከነከራቫታቸው፣ ወጌሻው ጋሽ ታምራት፣ ከኋላ አባባ።

አባቴ። የቤቴ ቁልፍ ያላቸው ሰው በር አንኳኩተው ገቡ።

ተቀመጡ አልኩ። አልተቀመጡም። እሺ በይንና እንቀመጣለን አሉ፣ ወጉ እንደሆነ። ጋሽ መኮንን ተናገሩ። ልጁ የሁላችንም ነው፣ ስንት የሐበሻ ልጅ እሱን አይቶ ኳስ ይዟል፣ ቢዋሽም ፈርቶ ነው፣ ሽሽት የልጅ ነው። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ። በስምምነት ተለያየን በይና ውጪ፣ ማኅበረሰቡ ውለታሽን አይረሳም። ጋሽ ታምራት አንዴም ቀና አላሉም። ስንቱን አድኛለሁ በነዚህ እጆች ብለው ለምንጣፉ ተናገሩ። አላዘንኩባቸውም፣ ማሸት ክልክል መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

አባባ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ቀኝ ጉልበታቸው ቆሞ መዋል አይችልም፣ የማክመው እኔ ነኝ። አባባ ይቀመጡ፣ ጉልበትዎን አልኳቸው። እሺ በይን አሉኝ።

ሌሎቹን ትቼ ወደ እሳቸው ዞርኩ። አባባ፣ እርስዎ እኔ የላክሁት ይመስልዎታል?

"እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንቺን የምንለምነው። ያጠፋ ይቀጣል፤ የሚለመነውማ ያላጠፋ ነው።"

ኮሊን ሳያምነኝ ጎዳኝ፣ ቢኒያም ፈርቶ ጎዳኝ። አባባ አምነውኝ፣ ንጽሕናዬን እያወቁ፣ እሱን ራሱን መለመኛ አደረጉት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ብቸኝነት አላውቅም። የገዛ አባቴ ለጎረቤት ልጅ አማላጅ ሆነው እኔ ዘንድ መጡ። ለእኔ ማን ሽማግሌ ላከ?

አልችልም አልኩ። እሺ አላልኩም። ጋሽ መኮንን ሦስቴ ደገሙ፣ ሦስቴም አልችልም አልኩ። ሳይቀመጡ ወጡ። አባባ ደረጃውን በአንድ እግር ሲወርዱ በመስኮት አየሁ። ልደግፋቸው አልወረድኩም። የቀዳሁላቸው ሻይ እንደተቀዳ ቀረ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10። ምሽት

ሆነ።

ስብሰባው አጭር ነበር። ቢኒያምን ለወጌሻ አልላክሁትም፣ እንዲታሽም አልፈቀድኩም፣ ማሸት ክልክል መሆኑን ለራሱ ነግሬዋለሁ አልኩ። በራሴ አፍ፣ ጮክ ብዬ፣ መዝገብ ላይ እንዲገባ። ታዲያ ልጁ ይዋሻል ነው የምትይው አለ ኮሊን። እሱን ራሱን ጠይቀው አልኩ። በሽተኛዬ የነገረኝን አሁንም አልናገርም። ኮሊን ጠረጴዛውን አየ። የኤች አሯ ሴትዮ ጻፈች። ሌላ ማስረጃ ስለሌለ መክረን ውሳኔ እናስተላልፋለን፣ እስከዚያ ቤትሽ ቆዪ አሉኝ።

መቆየት አያስፈልግም አልኩ። ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ኮሊን ቀና አለ፣ ሂሩት እንዲህ አይደለም፣ እንነጋገር አለ። መነጋገር የነበረብን ያለፈው ሳምንት ሰኞ ነው አልኩት። አጥፍቼ አይደለም የምሄደው። ስሜ ሲጠራ ከጎኔ አንድ ሰው ባልቆመበት ቤት የሰው እግር ማከም ስለማልችል ነው። ይህንንም ጻፊልኝ አልኳት ሴትዮዋን።

ኮሪደሩ ላይ ቢኒያም ተቀምጧል። እግሩን ዘርግቶ፣ ስልኩን ሳያይ። አለፍኩት። እትዬ ብሎ ጠራኝ፣ ሰው እንዳይሰማ በአማርኛ፣ በዚያ በተሰባበረው አማርኛው። ምን አልሽ ስለ እኔ?

"ስላንተ ምንም አላልኩም" አልኩት። "ስለ ራሴ ነው የተናገርኩት።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆሜ አላየሁትም። የመግቢያ ካርዴን ለዘበኛው ሰጥቼ ወጣሁ።

አሁን ቤት ነኝ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ሌላ ክለብ፣ ሆስፒታል፣ ከለንደን ውጭ፣ ነገ አስባለሁ። አባባ ሦስቴ ደወሉ፣ አላነሳሁም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነኝ፣ በዚያ ጉልበት አውቶቡስ አይሆንላቸውም። በዚህ እሁድ ጋሽ መኮንን ያድርሷቸው። መኪና አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ስላለው እሁድ ገና አልወሰንኩም።