ጎሉ ጎል ነበር

…ደግሞ ባንዲራውን በግራ እጅህ፣ የእኔን አንገት በቀኝህ ይዘህ፣ «ኳሷን አትዪያት፤ መስመሩን እይ፣ ኳሷን ስሚያት» ያልከኝ ቀን ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም? ጭቃው ትዝ ይለኛል። ዝናቡ ግን አይታየኝም። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዓይን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አያይም አልከኝ፤ የመስመር ዳኛ ዓይኑን ተከላካዩ ላይ ይተክላል፣ ምቱን በጆሮው ያውቃል። «ጧ» ስትል አጥቂው የት ቆሞ እንደነበር ትፈርጃለሽ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ብለኸኝ ነበር። እሱ ጠፋብኝ።

ይቅርታ አባዬ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ዘው አልኩ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ? ጉልበትህ አሁንም ደረጃ ላይ ያሾፍብሃል? እማዬን ያ ሳል ለቀቃት? እህቴስ እንቅልፍ ማግኘት ጀመረች ወይስ ሕፃኗ ዛሬም ቤቱን ታስተዳድራለች? እኔ ከናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም። ደብዳቤ ነውና አንቱ ልልህ ጀምሬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። እደርስበታለሁ።

«ጠበቃዬ፣ ይግባኝ ጻፊልኝ» ብለኸኛል። በሰፈሩ የዋንጫ ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሲል፣ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ነው ብለህ ጎል ሻርክ። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ዘፈን ለጠፈበትና በተነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ብረት ሠሪው ደግሞ «የሽማግሌው ዓይን ፈዟል፣ ባንዲራውን ይመልስ» አለ። በወሩ መጨረሻ እሑድ ሊወስኑ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የያዝከው ባንዲራ። እማዬ «እኔን ሳይሆን እሱን ነው ያገባው» የምትልህ።

እዚህም ወሬው ሁሉ ይኸው ነው። የሕግ መምህራችን ጨዋታ እያስቆሙ በቪዲዮ የመዳኘቱን ነገር አንስቶ ለሁለት ከፈለን። ገሚሱ «እውነቱ ይውጣ እንጂ ጨዋታው ቀኑን ሙሉ ቢቆምስ» አለ። እኔ ከሌላው ወገን ቆምኩ። ፍርድ ማለቂያ ከሌለው ፍርድ አይደለም፣ ዘፈን የተለጠፈበት ቁራጭ ቪዲዮም ማስረጃ አይሆንም ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። መምህሩ «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ደንበኛሽ ማነው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። 

ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቅ መደብር ውስጥ እሠራለሁ፣ የተመለሰ ዕቃ መቀበያው መስኮት ላይ። የገዛ ሰው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ይመልስ የሚል ሕግ ወጥቷል። ነጋዴው ያለቅሳል፣ ገዢው ይፎክራል። ሠርግ የጨፈረበትን ጫማ ሶሉን ጠርጎ የሚያመጣም አለ። አለቃዬ «ነገ ደግሞ የበሉትን ይመልሱልናል» ትላለች። እኔ ሕጉን እወደው ነበር። ሰው ለምን ሳይባል የሚያልፍበት አንድ መስኮት እንኳ ይኑረው እል ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር መጡ። ስልክ ሊመልሱ። «ድምፅ የለውም» አሉ። ሦስተኛቸው ነው አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። ሞከርኩት። ከመስኮቱ ማዶ የተሰለፉት ሁሉ ዞር አሉ፣ ያን ያህል ይጮኻል። ልጅቷን አየኋት፤ አየችኝ፤ ሁለታችንም ቅጹ ላይ አቀረቀርን። ምክንያት የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ሕጉ ይፈቅዳል። ሽማግሌው መርቀውኝ ሄዱ። አራተኛውን ሊገዙ።

አንተ ዘንድሮ ስልክህን ሁለቴ ለወጥክ። «ኔትወርኩ ነው» ትለኛለህ። «አዎ፣ ኔትወርኩ ነው» እልሃለሁ። ዓመት ሙሉ።

እህቴ ዘፈን ያልተለጠፈበትን ዋናውን ቪዲዮ አፈላልጋ ላከችልኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አሥራ አንዴ አየሁት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። አባዬ፣ ቦታህ ልክ ነው። አንገትህ ልክ ነው። ዓይንህ መስመሩ ላይ ነው፣ እንዳስተማርከኝ። ዓይንህ ምንም አልሆነም። ኳሷ «ጧ» ስትል ግን ከሜዳው ማዶ ያለው ስልክ ሰምቷታል። አንተ ከምቱ ሰባት እርምጃ ላይ ነበርክ፣ አልሰማሃትም። ኳሷ አየር ላይ ስትታይህ ነው የተመታች የመሰለህ፤ ያኔ አጥቂው ተከላካዩን አልፎ ነበር፤ «ጧ» ስትል ግን ገና አላለፈም። ጎሉ ጎል ነበር።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ «ምን አልሽ?» አልከኝ። ደግሜ ልለው አፌ እምቢ አለ። እየተጮኸ የሚነገር ነገር አይደለም። የጻፍኩልህ ለዚህ ነው።

ሠላሳ ዓመት ከመጋዝ ማሽን ጋር የኖረ ጆሮ ነው፤ ምን ይደረግ። ራት ላይ «ጨው አቀብሉኝ» ስትል ጎረቤት ይደነግጥ ነበር። እኛ እንስቅ ነበር። ሳቃችን አሁን ይቆጨኛል።

ይግባኙን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የሚለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ጎሉ ጎል እንደነበረ፣ ጆሮህን ሐኪም እስኪያይልህም ባንዲራው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ። ብረት ሠሪው ይስቅ ይሆናል። ከመዶሻ ጋር የኖረ ሰው ለራሱስ ይሰማል እንዴ? ካልፈለግክ አትፈርም፤ ቅደደው፣ አልቀየምህም። ብቻ ምክንያት የሚለውን ባዶ ትተህ ባንዲራውን እንዳትመልስ።

የሚያስፈራኝ እሑድ አይደለም። ትምህርቴን ጨርሼ ስመጣ ከበሩ ላይ ሆኜ «አባዬ» እልሃለሁ፣ አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ጣውላ ትልጋለህ። ይህ በየቀኑ ይታየኛል። አውቶቡስ ስጠብቅም፣ ቅጽ ስሞላም። ዞር ስትል ግን አይታየኝም። ያኔ ጭቃው ላይ መጨረሻ የነገርከኝን ካስታወስከው ጻፍልኝ። በስልክ አይሁን፣ በእጅህ ጽሑፍ።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ሳሏን በሙቅ ነገር ታስታግሰው። እህቴን ቪዲዮውን ስለላክሽ፣ ከዚያም በላይ አፍሽን ስለያዝሽ ተባረኪ በላት። ሕፃኗን እግሯን ሳምልኝ፤ አክስት እንዳላት ንገራት። ማዶ ያለችውን ልብስ ሰፊ ቀሚሱ ልኬ ነው በላት፣ ትንሽ ብቻ ሰፍቶኛል። ብረት ሠሪውንም ሰላም በልልኝ፣ ጮክ ብለህ።

ናፋቂ ልጅህ
ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር ፬ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

አብራኝ የምትኖረው ልጅ በፖስታ ቤት በኩል ስለምናልፍ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሊዘጋ ነው» ትላለች፣ ሁለቴ። ሰምቼሻለሁ አልኳት። ወጣች። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፤ ይህን አጥፌ ልከተላት ነው።